ከግንቡ ጀርባ የነበሩ ኤላዎች

ማዘንጊያ ገብረወልድ ስሟን ያገኘችው ከጎርፍ ነው። እናቷ ጥሩወርቅ ከእሷ በፊት የወለደቻትን የአራት ዓመት ልጅ ደቻቱ ወንዝ ወስዶባት ሬሳዋ እንኳ አልተገኘም። ዓመት ሳይሞላ ሌላ ሴት ልጅ ስትወልድ ጎረቤቱ ተሰብስቦ «ሐዘንሽን ታዘንጋሽ» ብሎ መረቃት፤ ስሙም በዚያው ጸና። ጥሩወርቅ ግን አልዘነጋችም። የድሬዳዋ ሰማይ እንደ መስታወት ጠርቶ፣ ፀሐዩ አናት እየበሳ፣ ደንገጎ ተራራ ላይ ትንሽ ከጠቆረ እጇ ሥራ ይፈታል። የደቻቱ ጎርፍ ከከተማው ሰማይ አይመጣምና። ደጋ ላይ የዘነበው ነው አሸዋውን እያገሳ ሳይታሰብ የሚደርሰው። ያኔ ጥሩወርቅ የቤቱን ወረቀትና የሟች ባሏን የባቡር ሠራተኛ መታወቂያ በላስቲክ ጠቅልላ ጡቷ ሥር ትወሽቅና በር ላይ ትቆማለች። ማዘንጊያ ያደገችው ይህን እያየች ነው።

ደርግ ሥልጣን በያዘ በስድስተኛው ወይ በሰባተኛው ክረምት ጎርፉ የወንዙን ዳር የሚጠብቀውን አሮጌ ግንብ ሁለት ቦታ ሰብሮ ገባ። የነጥሩወርቅን ማድ ቤት ጠርጎ ወሰደው። ከእነሱ በታች ከነበሩት ቤቶች ውስጥ ግን የተወሰደው ማድ ቤት ብቻ አልነበረም። ሰፈሩ ለሳምንት ሙሉ ቀባሪ ሆኖ ሰነበተ።

በዚያን ጊዜ ማዘንጊያ ከቴክኒክ ትምህርት ቤት ወጥታ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ቀያሽ ሆና ከተቀጠረች ሦስት ዓመቷ ነው። ሃያ አምስት ዓመቷ ነበር፤ አላገባችም፤ ቀጭን፣ ፈጣን፣ ንግግሯ ቁጥብ። ግንቡ ሊጠናከር ነው የተባለ ዕለት በመሥሪያ ቤቱ ከሁሉም በላይ የተደሰተችው እሷ ናት። አለቃዋ ኢንጂነር ተሰማ ወልደ ማርያም ዕቅዱን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው አስረዷት። ግንቡ በአንድ ሜትር ተኩል ከፍ ይላል። ከሥሩ ደግሞ አሸዋውን አልፎ እስከ ሸክላው አፈር የሚወርድ የኮንክሪት መጋረጃ ይቀበራል፤ የድሮው ግንብ የወደቀው ውሃ ከሥሩ ሾልኮ ስለቦረቦረው ነውና። ከግንቡ ጀርባ አሥር ሜትር ድረስ ያለ ዛፍ ሁሉ ይቆረጣል። ሥር ለውሃ መንገድ ይከፍታል።

«አንድ ነገር ቀርቷል» አሉ ኢንጂነር ተሰማ መነጽራቸውን እያወለቁ። «ሲሚንቶውን የሚረዱን የውጭ ሰዎች፣ ሥራው በአካባቢው ላይ የሚያስከትለው ጉዳት ተጠንቶ ይጻፍ ብለዋል። ይህን አንቺ ትሠሪያለሽ።»

«ምን ብዬ ልጻፍ ጋሽ ተሰማ?»

«ያየሽውን ነዋ! ግንቡ ሲቆም ማን ምን እንደሚያጣ ከጫፍ ጫፍ በእግርሽ ሄደሽ ጻፊ። ወረቀት ለመሙላት ከሆነማ እዚሁ ተቀምጠንም እንሞላዋለን።»

ማዘንጊያ በእግሯ ሄደች። ከቀፊራ ገበያ በታች ጀምራ ግንቡን ተከትላ ስትወርድ የሚቆረጡትን ዛፎች ቆጠረች፤ ስልሳ አራት ሆኑ። ሾላው፣ ኒሙ፣ ድሬዎች ሁመር የሚሉት ሮቃ። ከሰዓት በኋላ ሽማግሌዎች ጫታቸውን ይዘው የሚቀመጡት፣ ግመል ነጂው የሚያርፈው፣ ሳር ሻጮቹ ሸክማቸውን የሚያወርዱት በነዚያ ዛፎች ጥላ ነበር። ይህንንም ጻፈች። ከዛፎቹ ኋላ ደግሞ ትናንሽ የጓሮ አትክልቶች አሉ፤ በየአትክልቱ መካከል በእጅ የተቆፈረ፣ አፉ በድንጋይ የተከበበ የውሃ ጉድጓድ፣ ኤላ። አሥራ አንድ ኤላ ቆጠረች።

ሰባተኛው የሃዎ ነበር። ሃዎ ስልሳ ዓመት ያለፋት፣ ረዥም፣ ጀርባዋ ያልጎበጠ የሶማሌ ሴት ናት። ማዘንጊያ በየሩብ ሜትሩ ቀይ ጨርቅ የታሰረበትን ገመዷን ከጫፉ ድንጋይ አስራ ወደ ኤላው ልትለቅ ስትል፣ ሃዎ ባልዲዋን አስቀምጣ እጇን ወገቧ ላይ አደረገች።

«ጉድጓዴን ምን ልታደርጊው ነው?»

«ልለካው ነው፣ ኤዶ።»

ኤዶ፣ አክስቴ፣ ማለቷ ሴትዮዋን አለሰለሳት። «ውሃ እንደ ልብስ ይለካል እንዴ?» አለችና ሳቀች። «ለኪው! ለኪው! ረዥም ቀሚስ ነው የሚወጣው።»

በዚያው ተዋወቁ። ማዘንጊያ በሳምንት ሁለት ቀን ጠዋት እየመጣች ትለካለች፤ ሃዎ ከሥራዋ ሳትነሣ ታወራታለች። ኤላውን የቆፈረው ባሏ አብዲቃድር ነበር፤ እሷ አፈሩን በቅርጫት እያወጣች። ልጅ አልወለዱም። እሱ ከሞተ አሥራ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ጊሽጣው፣ ፓፓያው፣ ዘይቱኑ፣ ሎሚው፣ አጥሩ ሥር ያለው ሂና፣ ሁሉም ከሱ ጋር የተተከለ ነው። «ሰው፣ ሃዎ ብቻዋን ናት ይላል» አለቻት አንድ ቀን፣ «ወላሂ አይደለሁም። ይሄን ሁሉ ጠዋት ጠዋት አጠጣለሁ፤ ማን አለ እኔን የሚያህል ቤተሰብ ያለው?»

«ይህ ሁሉ ውሃ ከየት ነው የሚመጣው፣ ኤዶ?»

«ከደቻቱ ነዋ። ላይ ላዩ ሲሄድ ታያላችሁ፤ ሥር ሥሩ ሲመጣ ግን አታዩም። ጎርፍ ካለፈ በሦስተኛው ቀን እኔ ቤት ይደርሳል።»

ማዘንጊያ ለጊዜው የአሮጊት ወሬ ነው ብላ አለፈችው። በወሩ መጨረሻ ግን ትንሽ ጎርፍ መጣ። በሦስተኛው ቀን ገመዷን ስትለቅ ውሃው አንድ ክንድ ከፍ ብሎ አገኘችው። ወደ ስምንተኛው ኤላ ሮጠች፤ ከዚያም ወደ ዘጠነኛው። ሁሉም ከፍ ብለዋል። ደብተሯን ይዛ ግንቡ ላይ ቁጭ አለች። አሥራ አንዱም ኤላ የሚጠጣው ከግንቡ ሥር ሾልኮ ከሚያልፈው ውሃ ነው። ኢንጂነር ተሰማ ሊቀብሩት ያሰቡት መጋረጃ ደግሞ የሚዘጋው ያንኑ ውሃ ነው።

ቢሮ ስትደርስ ቁጥሮቹን አንድ በአንድ አነበበችላቸው። ኢንጂነሩ አገጫቸውን ይዘው ዕቅዱን እንደገና አዩት።

«መጋረጃውን እንተወው?» አሉ በመጨረሻ።

«ብንተወው ምን ይሆናል?»

«ግንቡን ብታረዝሚውም ብታሳምሪውም ዋጋ የለውም። አንድ ትልቅ ጎርፍ ከሥሩ ይገለብጠዋል። እናትሽ የት ነው የሚኖሩት?»

«ከግንቡ ሃያ እርምጃ።»

በማግስቱ ኢንጂነር ተሰማ በእርሳስ የተሠራ ንድፍ ይዘው መጡ። በመጋረጃው ውስጥ መዝጊያ ያላቸው ሦስት ቱቦዎች ይገባሉ። በበጋ ይከፈታሉ፤ የሥር ውሃው ወደ ኤላዎቹ ያልፋል። ክረምት ሲገባ ይዘጋሉ። ማዘንጊያ ንድፉን በቀለም አባዝታ ስትጨርስ ዓይኗ በደስታ ያበራ ነበር። የሚጠፋ ነገር እንዳይጠፋ የሚያደርግ ነገር በእጇ ስትሠራ የመጀመሪያዋ ነው።

ጥናቱ የቀረበበት ስብሰባ አልረዘመም። ከበላይ የመጡት ኃላፊ ገጾቹን ገልበጥ ገልበጥ አደረጉና ቀና አሉ።

«ጓድ ማዘንጊያ፣ ሰው ይቀድማል ወይስ ፓፓያ?»

«ሰው ይቀድማል፣ ጓድ። ፓፓያውንም የሚያጠጣው ሰው ነው።»

ከወደ ኋላ ሳቅ ተሰማ። ኃላፊው አልሳቁም። «በቀጥታ መልሺልኝ። አንቺ ብትወስኚ ግንቡ ይሠራ ወይስ አይሠራ?»

ማዘንጊያ እናቷን አሰበች፤ በላስቲክ የተጠቀለለውን ወረቀት፣ በር ላይ የቆመችውን። «ይሠራ» አለች። ቀጥላም ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ «ከነቱቦዎቹ።»

«ከነቱቦዎቹ» አሉ ኃላፊው፣ ፈረሙም። ከእሳቸው ፊርማ በታች የኢንጂነር ተሰማ፣ ከሁሉም በታች የእሷ ፊርማ አረፈ።

ሃዎ ወሬውን ከሰፈሩ ሰምታ ስለነበር በሚቀጥለው ጠዋት አጥሩ በር ላይ ጠበቀቻት።

«ዛፉን ይቆርጣሉ አሉኝ።»

«ከግንቡ አሥር ሜትር ውስጥ ያለውን፣ ኤዶ። ያንቺ ሁለት ጊሽጣና አንድ ሎሚ ይነካል። ሌላው ይተርፋል።»

«ውሃዬስ?»

«ቱቦ ይገባል። ተፈርሟል፤ ወረቀቱን በዓይኔ አይቼዋለሁ።»

ሃዎ ፊቷን አተኩራ አየቻት። «ወረቀቱን አላውቀውም። አንቺ ይገባል ትያለሽ?»

«ይገባል» አለች ማዘንጊያ።

ሥራው በተጀመረ በሳምንቱ ስልሳ አራቱ ዛፎች ወደቁ። ሽማግሌዎቹ ጥላ ፍለጋ ወደ ባቡር ጣቢያው አቅጣጫ ሄዱ፤ ሳር ሻጮቹ ግን ፀሐይ ላይ ቀሩ። ሃዎ ሦስቱ ዛፎቿ ሲቆረጡ አልወጣችም፤ ቤቷ ውስጥ ተቀምጣ መጥረቢያውን ሰማችው። ሁለት ወር ሳይቆይ መጋረጃው እየተቀበረ የቱቦዎቹ ቦታ ላይ ደረሰ፤ ቱቦዎቹ ግን አልመጡም። ለሌላ አስቸኳይ የሀገር ጉዳይ ተወስደዋል ተባለ። ምን ጉዳይ እንደሆነ መጠየቅ ያን ጊዜ የሚደፈር አልነበረም፤ ሰሜኑ ጦርነት ነው፣ የሚመጣ ሁሉ ወደዚያ ያልፋል። ኢንጂነር ተሰማ ሥራው ለአንድ ወር ይቁም ብለው ጻፉ። ክረምት ሊገባ አርባ ቀን ቀርቶታል የሚል መልስ መጣ፤ ክፍተቱ በኮንክሪት ይደፈን፣ ቱቦው ወደፊት ይታያል የሚል። ትእዛዙ በወጣ በአሥር ቀኑ ኢንጂነሩ ወደ ጎጃም ተዛወሩ።

ሲሰናበቷት ማዘንጊያ ጣቢያው ድረስ ሸኘቻቸው። «ክረምቱ መግባቱ እውነት ነው» አሏት። «ክፍተት ትተን ብንጠብቅና ጎርፍ ቢመጣ፣ በዚያ ቀዳዳ የሚገባውን ውሃ ማን ይሸከመዋል? እነሱም ሙሉ በሙሉ አልዋሹም። እኔን የሚያመኝ እሱ ነው።»

የመጨረሻው ኮንክሪት ሲፈስ ማዘንጊያ የቀያሽ ዘንጓን ይዛ ከፍታውን እያነበበች ነበር። ሥራዋ ነውና አነበበች፣ ጻፈች።

ከዚያ በኋላ ማንም ሳያዛት በየሳምንቱ ኤላዎቹን መለካቷን ቀጠለች። ውሃው ጋ ለመድረስ ገመዱ በየጊዜው አንድ ቀይ ጨርቅ ይጨምራል። ለመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ ጻፈች፤ ቁጥሮቹን አያይዛ ሁለተኛ ጻፈች፤ ሦስተኛውን ስትጽፍ የክፍሉ ኃላፊ ጠርቶ፣ «እህቴ፣ የተጠናቀቀ ሥራ ላይ ደብዳቤ መደርደር ሌላ ስም ያሰጣል፤ ለራስሽ ብለሽ ተይው» አላት። ቀበሌ ሄዳ ለሰፈሩ ቦኖ ውሃ እንዲገባ ለመነች፤ መዘገቡት፣ በዚያው ቀረ። ከላይ ያሉት አራት ኤላዎች በመጀመሪያው በጋ ደረቁ። በሁለተኛው በጋ፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ ሃዎ አጠገቧ ቆማ ሳለ ማዘንጊያ ገመዱን ለቀቀች። ድንጋዩ ከታች ካለው ድንጋይ ጋር ሲጋጭ ሁለቱም ሰሙት።

«ደግመሽ ልቀቂው» አለች ሃዎ።

ደገመችው። ያው ድምፅ ነበር።

ሃዎ ባልዲዋን አነሣችና ሩቅ ወዳለው ቦኖ ሄደች። በዚያ ዕድሜዋ ጠዋትና ማታ ውሃ በጀርባዋ ማዘል ጀመረች። የሰውን ጥም የሚቆርጥ ውሃ የዛፍን ጥም አይቆርጥም፤ የትኛውን እንደምታጠጣ መምረጥ ነበረባት። መጀመሪያ ፓፓያዎቹን ተወች። ቀጥሎ ዘይቱኑን። ማዘንጊያ ከሥራ ስትወጣ እየመጣች አብራት ታዝል ነበር፤ ሃዎ አልከለከለቻትም፤ እንደ ድሮው ግን አታወራትም። የመጨረሻው ጊሽጣ ቅጠሉን ያረገፈ ሰሞን ሃዎ አጥሩን ለማገዶ ለጎረቤት ሰጥታ ጀልዴሳ ወደሚኖረው ወደ ወንድሟ ልጅ ወደ ሙመድ ሄደች። ማዘንጊያ ደርሳ ያገኘችው ባዶውን በር ነው።

በዚያው ዓመት ክረምት፣ አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ደንገጎ ጠቆረ። ማዘንጊያ ከቢሮ ሮጣ እናቷ ዘንድ ደረሰች። ደቻቱ ሲመጣ ምድሩ ተንቀጠቀጠ፤ ሙሉ ግንድ፣ የሞተ ግመል፣ የቤት ጣራ ተሸክሞ ግንቡን ታክኮ አለፈ። ሰፈሩ ሁሉ ጣራ ላይ ወጥቶ ያያል። ውሃው የድሮውን ግንብ ከፍታ አልፎ አዲስ በተጨመረው ግማሽ ላይ ደረሰ። አንድ ሰዓት ያህል እዚያው ቆይቶ ሊጎድል ጀመረ። አንዲት ጠብታ ወደ ቤቶቹ አልገባችም።

ጥሩወርቅ ከደረቷ ሥር ያለውን ጥቅል አወጣችና ቁም ሣጥን ውስጥ ከተተችው። ማዘንጊያ ይህን ስታደርግ አይታት አታውቅም። ከዚያ ወደ ግንቡ ዞራ ሦስት ጊዜ እጅ ነሣች። «ይህን የሠራ እጅ ይባረክ» አለች። «ልጄን የሚመልስ ባይሆንም፣ ይባረክ።»

ማዘንጊያ አሜን ሳትል ወደ ጓዳ ገባች።

በመስከረም፣ መንገዱ ሲደርቅ፣ እህል ከሚያመላልስ የጭነት መኪና ላይ ተሳፍራ ጀልዴሳ ሄደች። ሙመድ ወደ ጎጆው መራት። ሃዎ ሰሌን ላይ ጋደም ብላ ነበር፤ ጀርባዋ ጎብጧል፣ ክንዷ ቀጥኗል። አውቃታለች።

«ጎርፉ መጣ አሉ» አለች።

«መጣ፣ ኤዶ።»

«ግንቡ ያዘው?»

«ያዘው።»

«እናትሽስ?»

«ደህና ናት። ሰፈሩ ሁሉ ደህና ነው።»

«አልሐምዱሊላህ» አለች ሃዎ። ከልቧ ነበር፤ ማዘንጊያ ይህን አልተጠራጠረችም። ያጠራቀመችው እንባ ያኔ ገንፍሎ ወጣ። ይቅርታ ልትጠይቅ አፏን ስትከፍት ሃዎ እጇን አነሣች።

«ስሚኝ። ደስ ብሎኛል። ግን አልተቆጣሁም ብዬ አልዋሽሽም። ዛፉን ቆረጡ፤ እሺ። ውሃውን ዘጉ፤ ጎርፍ ነው፣ እሺ። አንቺን ግን ጠይቄሽ ነበር። አላውቅም ብትይኝ ኖሮ አውቅበት ነበር፤ ጊዜ ሳለ ችግኙን ወደዚህ አመጣው ነበር። ይገባል አልሽኝ። እኔም ጠበቅኩ።»

«ይገባል ብዬ አምኜ ነው፣ ኤዶ።»

«አውቃለሁ» አለች ሃዎ። «አምነሽ ነው። ለዚህ ነው ይበልጥ የከበደኝ።»

ሙመድ ሻይ አምጥቶ በመካከላቸው አስቀመጠ። ሃዎ እጇን ዘርግታ የማዘንጊያን እጅ ያዘች፤ መኪናው ተመልሶ ጥሩንባ እስኪነፋ ድረስ አልለቀቀችውም።

ያ ዓመት አገሩን ሁሉ ድርቅ የመታበት ነው። ሃዎ ጥር ላይ አረፈች። መርዶው ማዘንጊያን ያገኛት በአራተኛው ቀን ነበር፤ ጀልዴሳ ስትደርስ ቀብሩ አልፏል። በሴቶቹ መካከል ተቀምጣ ዋለች። ከለቀስተኞቹ አንዷ በሶማልኛ ምኗ እንደሆነች ጠየቀቻት። ሙመድ በእሷ ፋንታ፣ «ጎረቤቷ ናት፣ ውሃ አብረው ያዝሉ ነበር» አለ።

መሥሪያ ቤቱ ከዚያ በኋላም ጥናት ሰጣት። በወረቀቱ ላይ «ይደረጋል» ተብሎ የሚሞላ ሥፍራ ሲመጣ፣ ዕቃው ግቢ ገብቶ ካላየችው «አልተደረገም» ብላ ትጽፍ ጀመር። ሁለቴ አስጠነቀቋት። በሦስተኛው ከመስክ ሥራ አንሥተው መዝገብ ቤት አስቀመጧት፤ ደርግ እስኪወድቅ እዚያው ነበረች። ቅር አላላትም፤ ጎርፍ የሚያስቆም ሥራ መሥራት ትታ ፋይል መደርደሯ የሚቆጨው ሌላውን ሰው ነበር።

ከዚያ ሁሉ በፊት፣ ከሃዎ ለቅሶ የተመለሰች ዕለት አመሻሽ ላይ ጥሩወርቅ በር ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅም ነበር። አሁን በር ላይ የምትቀመጠው ለነፋሱ ብላ ነው።

«የት ዋልሽ?»

«ለቅሶ።»

«የማን?»

ማዘንጊያ ሦስት ዓመት ሙሉ ለእናቷ ያልነገረቻትን ነገረቻት። ኤላዎቹን፣ ቱቦዎቹን፣ ፊርማውን፣ «ይገባል» ያለችውን፣ ሁሉንም። ጥሩወርቅ ልጇ ስትጨርስ ሰፌዱን ወደ ጎን አኖረችው።

«ሴትዮዋ ስሟ ማን ነበር?»

«ሃዎ።»

ጥሩወርቅ ተነሥታ ወደ ቤት ገባች። ስትወጣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳ ነበር። ልጇ አጠገብ መደብ ላይ ተቀመጠችና፣ ፊቷን ከግንቡ መልሳ፣ ለማታውቃት ሴት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ማልቀስ ጀመረች።